ኪልኦል፦ በአንድ ስም ሁለት ትእዛዝ

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከሊኑክስ ወደ ሰን ማይክሮሲስተምስ ዩኒክስ ወደ ሶላሪስ የተሻገረ ባለሙያ ሳያስበው ሊረግጣት የሚችል ወጥመድ ነበረች፤ «ኪልኦል»። ቨርነር አልመስበርገር ለሊኑክስ በጻፋት ኪልኦል የፕሮግራም ስም ከሰጧት በዚያ ስም የሚሠሩትን ፕሮሰሶች ብቻ ታቋርጣለች፤ ባዶዋን ከተየቧት አጠቃቀሟን አሳይታ ዝም ትላለች። የሶላሪሷ ሌላ ናት። ማሽኑ ሲዘጋ የቀሩትን ፕሮሰሶች ጠራርጋ እንድታስቆም ከቀደመው ዩኒክስ ከሲስተም ፋይቭ የተወረሰች ስትሆን፣ የምትቀበለውም የሲግናል ዓይነት እንጂ ስም አይደለም። ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) ሆኖ የገባ ሰው አጠቃቀሟን ላንብብ ብሎ ባዶዋን ቢተይባት ሰርቨሩ ላይ የሚሠራውን ሁሉ ታወርዳለች። ስሙን ቀድሞ የያዘው ሲስተም ፋይቭ ነውና ጥፋቱን ወደ ሊኑክሱ ወገን ብናደርገው የሚፈረድብን አይመስለኝም። የሊኑክሱ ማኑዋል ራሱ ከሊኑክስ ውጭ ተጠንቀቁ ይላል።

በስም ማቋረጥ ያስፈለገው ዩኒክስ ፕሮሰስን የሚያውቀው በቁጥር ስለሆነ ነው። ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ በቤል ላቦራቶሪ በሠሩት ሲስተም እያንዳንዱ ፕሮሰስ መለያ ቁጥር አለው፤ «ኪል» የሚጠይቀውም ያንኑ ነው። አልንቀሳቀስ ያለ ፕሮግራም ለማቆም የ«ፒኤስ»ን ዝርዝር አውጥቶ፣ በ«ግሬፕ» አጣርቶ፣ ቁጥሩን ለኪል መስጠት ግድ ነበር። ግሬፕም የሚፈለገውን ስም ይዞ ስለሚሠራ ብዙ ጊዜ ራሱን ጭምር ፈልጎ ያመጣል!

ኪል ሌላ ካልታዘዘ 15ኛውን ሲግናል ይልካል፤ ፕሮግራሙ ሥራውን ሰብስቦ እንዲወጣ የሚቀርብ ጥያቄ ነው። 9ኛው ግን ጥያቄ አይደለም። ፕሮግራሙ ሊከላከለው አይችልም፤ ሴቭ ያልተደረገ ነገር ካለ አብሮ ይጠፋል። ብዙዎች ገና ከመጀመሪያው 9ን መምዘዛቸው መጥፎ ልማድ ነው።

በሶላሪስ ወገን ለቁጥር ፍለጋው ጣጣ መላው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ከወጣው ሶላሪስ 7 ጋር ነው። የሰን ማይክሮሲስተምሱ ማይክ ሻፒሮ የጻፋቸው «ፒግሬፕ» እና «ፒኪል» ስም ተቀብለው፣ አንዱ የፕሮሰሶቹን ቁጥር ይነግራል፣ ሌላው ያቋርጣቸዋል። ኋላ ሊኑክስና ቢኤስዲም ወሰዷቸው። ፒኪል ግን የስሙን ቁራጭ ካገኘ ይበቃዋል፤ ሩት ሆነው «ኤስኤስኤች»ን አቋርጥ ቢሉት የርቀት ግንኙነትን የሚቀበለውን «ኤስኤስኤችዲ»ንም ይጨምራል፤ ከሩቅ ሆኖ በዚያው መስመር የገባ ሰው ውጭ ይቀራል። ስለዚህ ፒኪልን ከመተየባችሁ በፊት ያንኑ ስም ለፒግሬፕ ስጡና የሚያወጣውን ዝርዝር እዩ።