«ጊዜያዊ» የተባለው ፈቃድ፦ የኦክ ቴዲ ማዕድን ታሪክ

የማዕድን ኩባንያዎች ለአካባቢ ጥበቃ የሚገቡት ቃል የሚፈተነው ወጪ ሲያስከትል ነው። በፓፑዋ ኒው ጊኒ የኦክ ቴዲን የመዳብና የወርቅ ማዕድን ዝቃጭ ሊይዝ ይሠራ የነበረው ግድብ በ1984 እ.ኤ.አ. በመሬት መንሸራተት ፈረሰ። መንግሥት ዝቃጩ ወደ ወንዝ እንዲለቀቅ በጊዜያዊነት ፈቀደ፤ ግድቡ ግን ዳግመኛ አልተሠራም። ደለሉ የወንዙን ወለል ከፍ አደረገው፤ ጎርፉም በዳርቻው ያለውን ደን አደረቀ።

ዋናው ባለድርሻ ቢኤችፒ በ1999 ማዕድኑ ከአካባቢ ጥበቃ እሴቶቹ ጋር እንደማይጣጣም አመነ። በ2002 52 በመቶ ድርሻውን ለአንድ የልማት ተቋም አስረክቦ፣ ከተጠያቂነት የሚጠብቀውን ሕጋዊ ከለላ ይዞ ወጣ፤ ቁፋሮው ግን ቀጠለ።

እንግዲህ ቃሉን የምንመዝነው በመግለጫው አይደለም፤ ዝቃጩ የት እንደሚያርፍ፣ ኩባንያው ሲወጣም ዕዳው በማን ትከሻ እንደሚወድቅ አስቀድሞ በሚወስነው ውል ነው።