ተልባ፣ ጀሶና ሰማያዊ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ደጀን ከሚያስተምረው የእህቴ ልጅ አንዲት ከደብተር የተገነጠለች ወረቀት ደረሰችኝ። «ጋሼ» ይላል፤ «በእረፍቱ ጊዜ ለአሥራ ሁለት ልጆች የሁለት ሳምንት የሥዕል ትምህርት ልንሰጥ ነው። ዘይት ቀለም ይሻላል ወይስ አክሪሊክ? ያዋጣነው ገንዘብ ትንሽ ነው። አዲስ አበባ ያሉት እርስዎ ነዎትና መርጠው ይግዙልን።» ከሥሩ ዝርዝር ተጽፏል። ሸራ፣ የቱቦ ቀለም በየዓይነቱ፣ የተልባ ዘይት፣ ጀሶ፣ ማቅጠኛ፣ ብሩሽ።

ሁለቱ ቃላት ላይ ስደርስ ሳቄ መጣ። ተልባና ጀሶ ከአዲስ አበባ ወደ ደጀን! አገሩን የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ ይገባዋል። ደጀን ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በዓባይ ሸለቆ አፋፍ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከጀርባዋ ያለው ደጋ የጤፍና የተልባ አገር ነው። ከፊቷ ያለው መንገድ እየተጠማዘዘ ወደ ወንዙ ሲወርድ ደግሞ በመጀመሪያ ጥቁሩ ድንጋይ ያልቃል፤ ቀጥሎ የኖራ ድንጋዩ ይመጣል፤ ከእሱ በታች የጀሶው ንጣፍ ነው። የሥነ ምድር ሊቃውንት ያንን ንጣፍ የሰየሙት ከወንዙ ማዶ ባለችው በጎሐ ጽዮን ስም ነው። እንግዲህ ልጁ ከአዲስ አበባ አምጡልኝ የሚለኝን ነገር ረግጦት ነው የቆመው።

ግን አልተሳሳተም። የሥዕል ዕቃ ሱቅ የሚሸጠው የተልባ ዘይት በትንሽ ጠርሙስ ታሽጎ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። ጀሶውም እንዲሁ በቆርቆሮ። ነገሩ እንዴት እዚህ ደረሰ?

እኔ ሠዓሊ አይደለሁም። የድሮ ሥዕል ባየሁበት ቆሜ የምቀር፣ «ይህ ቀለም ከየት መጣ?» እያልኩ የማስቸግር ሰው ነኝ። በዚህ ልማዴ ከገባኝ አንዱ፣ ቀለም ሲባል ሁለት ነገር መሆኑ ነው። አንዱ ዱቄቱ ነው። ሁለተኛው ዱቄቱን ከግድግዳው ወይም ከሸራው ጋር የሚያጣብቀው ነው። ቀዩ አፈር ያው ቀይ አፈር ነው፤ በተልባ ዘይት ቢለወስ ዘይት ቀለም፣ በውኃ ውስጥ በሟሸሸ ፕላስቲክ ቢለወስ አክሪሊክ፣ በሙጫ ቢለወስ የአባቶቻችን ቀለም ይሆናል። አባቶቻችን በአብዛኛው የመረጡት ከቆዳ የተቀቀለውን ሙጫ ነበር።

በተልባ አገር እየኖሩ ለምን ሙጫ? አለማወቅ አይመስለኝም። ዘይት የጥጥ ጨርቅን ያበሰብሳል፤ ለመድረቅ ቀናት አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል፤ እያደርም ይጠቁራል። ሙጫ ግን በደጋው ነፋስ ወዲያው ይደርቃል፤ ቀለሙንም ሳያደበዝዝ ይይዛል። ጠላቱ ውኃ ነው። ጣሪያው ያፈሰሰ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ያየ ሰው የጻድቁ ፊት ከጢሙ ጋር ተያይዞ ሲወርድ አይቷል። አንድ አዛውንት መሪጌታ ስለዚሁ ስጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ሙጫ ሲበዛ ይሰነጥቃል፣ ሲያንስ ይረግፋል። ልኩን እጅ ነው የሚያውቀው» አሉኝ። አንቱ ራስዎ ይሥሉ ነበር ወይ ብላቸው፣ ዓይናቸው ከመድከሙ በፊት መሆኑን በራሳቸው ንቅናቄ ብቻ ነገሩኝ።

ጀሶም አዲስ ነገር አይደለም። ቃሉን ከጣሊያን ወሰድነው እንጂ ነገሩን ቀድመን እናውቀዋለን። በጣና ደሴት በዳጋ እስጢፋኖስ የሚገኘውና በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ፍሬ ጽዮን የሣለው ሥዕል የተሠራው በእንጨት ላይ ነው። የዚያ ዓይነት የአገራችን የእንጨት ሥዕሎች ሲመረመሩ ከቀለሙ ሥር ነጭ የጀሶ ልስን ተገኝቷል። በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ከቬኒስ መጥቶ እዚሁ የቀረው ብራንካሌዮኔ ከጀሶ ጋር የተዋወቀው በአገሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1400 ገደማ የጻፈው ጣሊያናዊው ቼኒኖ ቼኒኒም የተቃጠለ ጀሶ በውኃ ተነክሮ፣ አንድ ወር ያህል በየቀኑ እየተማሰለ፣ የመጠንከር ኃይሉ ሲሞት ለሥዕል እንደሚሆን ያስተምራል። ይህን ምክር ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ስለ ጨርቁ አንድ ታሪክ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በጎጃምና በጎንደር አድባራት ሥዕሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በጭቃው ግድግዳ ላይ ሳይሆን ግድግዳው ላይ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ላይ ነው። ብልህ አሠራር ነው፤ ጭቃው ቢሰነጠቅም ሥዕሉ ይተርፋል። ዳሩ ግን የተለጠፈ ነገር ይላጣል። እ.ኤ.አ. በ1932 በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳይ ጓድ ጎንደር አባ እንጦንስ ገብቶ 60 ካሬ ሜትር ያህል ሥዕል ከግድግዳው ላጠ። በምትኩ ጋስቶን ሉዊ ሩ የተባለው ሠዓሊያቸው ቅጂ ሣለ። ኦሪጅናሉ ዛሬ ያለው ፓሪስ ነው። በግድግዳው ላይ በቀጥታ የተሣለ ቢሆን ኖሮ ተጠቅልሎ በበቅሎ አይጫንም ነበር።

ከሁሉም ያስቸገረው ግን ሰማያዊ ነው። ቀይና ቢጫ አፈር የትም አለ፤ ጥቁር ከጥላሸት ይገኛል፤ ነጭ ከጀሶ። ሰማያዊን ግን መሬታችን አልሰጠም። በጎንደር ዘመን ሥዕሎች ላይ የተገኘው አንዱ ሰማያዊ በኮባልት የቀለመ የመስታወት ዱቄት ሲሆን የመጣውም በነጋዴ እጅ ነው። ፈረንጆቹም ቢሆኑ ምርጡን ሰማያዊ ከአፍጋኒስታን ድንጋይ እየፈጩ በወርቅ ዋጋ ነበር የሚገዙት። እ.ኤ.አ. በ1828 ዣን ባቲስት ጊሜ የተባለ ፈረንሳዊ ያንኑ ቀለም በፋብሪካ መሥራት ስለቻለ 6000 ፍራንክ ተሸለመና ሰማያዊ ረከሰ። በየደብሩ በጨርቅ ላይ የሚንቦገቦገውን ሰማያዊ ባየሁ ቁጥር ይህ ሰው ትዝ ይለኛል።

ቱቦውስ? እስከ 1841 እ.ኤ.አ. ድረስ የአውሮፓ ሠዓሊ የተለወሰ ቀለሙን የሚያስቀምጠው በአሳማ ፊኛ ቋጥሮ ነበር። በዚያ ዓመት ጆን ጎፍ ራንድ የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ ተጨምቆ የሚወጣበትን የቆርቆሮ ቱቦ ፈጠረ። ዘይት ቀለም ከዚያ ወዲህ ነው በኪስ የተዞረው። ወደ እኛም የመጣው ከተማሪዎች ጋር ነው። ዘጌ የተወለዱት፣ በኋላ በ«ልብ ወለድ ታሪክ» ደራሲነት የገነኑት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1887 ጣሊያን ሄደው ቱሪን ላይ የተማሩት ሥዕል ነው። አገኘሁ እንግዳ በ1926 ፓሪስ ሄዱ። አለ ፈለገ ሰላም ከቺካጎ ትምህርታቸው ተመልሰው በ1950 ዓ.ም. የአዲስ አበባውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መሠረቱ። ትምህርት ቤቱ ብዙ ነገር ሰጥቶናል፤ ይሁንና «የሥዕል ዕቃ» ሲባል ከሱቅ የሚገዛ ነገር ብቻ እንዲመስለን ያደረገን ያው የቱቦው ዘመን ነው ባይ ነኝ። ከዚያው ትምህርት ቤት የወጡት ዘሪሁን የትምጌታ ቀርከሃ እየሰነጠቁ በላዩ ሲሥሉ ብዙ ሰው የተገረመው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

በዚህ መካከል ደብሮቻችን ምን አደረጉ? ለበርና ለመስኮት የተሠራውን የቆርቆሮ ቀለም ወሰዱ። ያብረቀርቃል፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ እንደ ቆዳ ይገፈፋል።

ወደ ወረቀቷ ልመለስ። ዘይት ቀለምን ተውኩት። ትምህርቱ ሁለት ሳምንት ነው፤ ወቅቱ ክረምት ነው፤ ክፍሉ ጠባብ፣ መስኮቱ ዝግ። አሥራ ሁለት ልጅ አኳራጃ እየሸተተ ይዋል? ደግሞስ የመጀመሪያው ሥዕል ሳይደርቅ ትምህርቱ ያልቃል። አክሪሊክ ግን በውኃ ይቀጥናል፣ በሰዓት ውስጥ ይደርቃል። ነገር ግን ቱቦዎቹ ሲያልቁስ? ያስጨነቀኝ ይህ ነበር። ልጆቹ በሦስተኛው ሳምንት ቀለም አልቆ እጃቸውን አጣጥፈው ከተቀመጡ አስተማርናቸው አይባልም። ስለዚህ በገንዘቡ ሰማያዊ፣ ነጭና ደማቅ ቀይ አክሪሊክ ብቻ ገዛሁ፤ ሰማያዊውን ከሁሉም አብልጬ። ደህና ደህና ብሩሽ ጨመርኩበት፤ መጥፎ ብሩሽ ፀጉሩን እየነቀለ ልጅን ከሥዕል ያጣላል። በሸራ ፋንታ ኮምፔንሳቶ አስቆረጥኩ፤ የሙጫ ጀሶ ደረቅ ስለሆነ የሚተጣጠፍ ጨርቅ ላይ ይሰነጠቃልና። ቀሪውን፣ ጀሶውን፣ ሙጫውን፣ አፈሩንና ተልባውን፣ «እናንተ ከደጃችሁ ፈልጉ» ብዬ ጻፍኩ። የቼኒኖንም ምክር አከልኩበት፤ አንድ ወር ባይኖራቸውም ትምህርቱ እስኪጀመር እንዲያማስሉት።

ከተልባው ላይ ተሳሳትኩ። ለሙከራ ያህል ቢጫ አፈር በተልባ ዘይት እንዲለውሱ መክሬ ነበር፤ ዘይቱን ግን ምን እንደተጨመቀበት ሳንጠይቅ ከገበያ አስገዛሁት። ለካስ ኑግ ተቀላቅሎበታል። ኑግም መድረቁ አይቀርም፤ እንደ ተልባ ግን አይፈጥንም።

መስከረም ላይ አንድ የመጽሐፍ ገጽ የምታህል ኮምፔንሳቶ ተላከችልኝ። የዓባይ ገደል ነው። ገደሉ በአፈር ተሠርቷል፤ ሰማዩ በገዛሁት ሰማያዊ፣ እንዲዳረስ በጣም ስስ ሆኖ። ታች በስተቀኝ ያለችው ቢጫ ማሳ ስነካት ጣቴን ያዘችኝ፤ ገና አልደረቀችም። ከጀርባው በእርሳስ እንዲህ ተጽፏል፦ «ጋሼ፣ ሰማያዊው አለቀ። ሌላው ሁሉ አለን።»

በማግስቱ ወደ ሱቁ ሄድኩ።