ሐተታው የማን ነው?
ፍልስፍናና ቅርንጫፎቹ በአንድ መጽሐፍ ክርክር ውስጥ

«ፍልስፍና» የሚለው ቃል በአማርኛ ንግግራችን ብዙ ስም የወጣለት ቃል ነው። አንድ ልጅ ታላቁን ደጋግሞ ከጠየቀ «አትፈላሰፍብኝ» ይባላል። ነገር ያወሳሰበ ሁሉ «ተፈላሰፈ» ይባላል። «ዝም አይነቅዝም» እያለ ያደገ ሰው ጠያቂን በጥርጣሬ ዐይን ቢመለከት ብዙም አይደንቅም። ቃሉ ግን ከጥንት ግሪኮች ሲነሳ የያዘው ትርጉም «ጥበብን መውደድ» የሚል ነበር። ለሊቃውንቶቻችንም እንግዳ አልነበረም፤ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው «አንጋረ ፈላስፋ» የጥበበኞችን ንግግር ሰብስቦ ለብዙ ዘመን ሲነበብ ኖሯል።

የፍልስፍና መምህራን ትምህርቱን ለጀማሪ ሲያስተዋውቁ ብዙውን ጊዜ በአምስት ዋና ዋና ቅርንጫፎች ይከፍሉታል። ሜታፊዚክስ ስለ ህላዌ ይጠይቃል፤ በእርግጥ ያለው ነገር ምንድን ነው? ፈጣሪስ አለ? ኤፒስቴሞሎጂ ወይም ሥነ ዕውቀት «አወቅሁ የምለውን በምን አወቅሁት?» ይላል። ሎጂክ ወይም ሥነ አመክንዮ ከተነሳንበት ሐሳብ ወደ ደረስንበት መደምደሚያ የሚያሻግር መንገድ መኖሩን ይመረምራል። ሥነ ምግባር «እንዴት ልኑር?» ብሎ ይጠይቃል። ሥነ ውበት ደግሞ ውብ የምንለውን ነገር ውብ ያሰኘው ምን እንደሆነ ይፈልጋል።

ይህን ዝርዝር በቃል መያዝ አያስቸግርም። ሥራ ላይ ሲውል ካላዩት ግን ደረቅ ነው። ስለዚህ በአገራችን ስም በሚጠራ በአንድ መጽሐፍና መጽሐፉ ባስነሳው ረጅም ክርክር ውስጥ ላሳየው መርጫለሁ። መጽሐፉ «ሐተታ ዘርአ ያዕቆብ» ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጽሐፉ ስለ ደራሲው የሚነግረን የሚከተለውን ነው። ዘርአ ያዕቆብ በ1599 አክሱም አካባቢ ከድኃ ገበሬ ተወለደ። ዜማ ጀምሮ ድምፁ አልሆን ስላለው ወደ ሰዋስውና ቅኔ ዞረ፤ ቀጥሎም የመጻሕፍትን ትርጓሜ ተማረ። በአክሱም ሲያስተምር «ፈረንጆች እንዲህ ይላሉ፤ ግብጾች እንዲህ ይላሉ» ይል ነበር እንጂ ይህ እውነት ያ ሐሰት ነው ብሎ አይፈርድም ነበር። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት የመንግሥት ሃይማኖት ባደረጉበት ዘመን ጠላቱ ከሰሰው። ጥቂት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ሸሸ፤ ወደ ተከዜ ወርዶ በዋሻ ውስጥ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። ንጉሡ በ1632 ካለፉ በኋላ ወጥቶ በእንፍራዝ ሀብቱ በሚባል ባለጸጋ ቤት መጻሕፍት እየጻፈና ልጆች እያስተማረ ኖረ። ሐተታውን የጻፈው በ1667 ለተማሪው ለወልደ ሕይወት ነው፤ ተማሪውም በተራው የራሱን ሐተታ ጽፏል።

ቅርንጫፎቹን አሁን እንመልከታቸው። በዋሻው ውስጥ የተነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ የሜታፊዚክስ ነው፤ ጸሎቴን የሚሰማ አለ? ደራሲው ከራሱ መፈጠር ተነስቶ ወደ አባቱ፣ ወደ አያቱ፣ እያለ ወደ ላይ ይወጣና ያልተፈጠረ ፈጣሪ ሊኖር ይገባል ብሎ ይደመድማል። አካሄዱ የሎጂክ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ የዕውቀት ነው። ሁሉም የእኔ ሃይማኖት ትክክል ነው ካለ ዳኛው ማን ይሁን? መልሱ «ልቡና» ነው፤ ፈጣሪ ለሰው ሁሉ የሰጠው የማስተዋል ብርሃን። ሥነ ምግባሩ ከዚህ ይወጣል። የሰውን ልጅ እንደ እንስሳ መሸጥና መግዛት፣ ጋብቻን ከምንኩስና ማሳነስ፣ ሌላውም ብዙ ሥርዓት በዚሁ ሚዛን ላይ ይወጣል። ሒሩት የምትባል ገረድ ሊያገባ ሲል ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸውና ከእንግዲህ ገረድ አትባልም ማለቱ ብዙ አንባቢ የማይረሳው ቦታ ነው። በኤውሮፓ ሬኔ ዴካርት ሁሉን ከመጠራጠር የጀመረበትን መጽሐፉን ያሳተመው በ1637 ነበርና ሁለቱን የሚያነጻጽሩ ሊቃውንት ብዙ ናቸው።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሐተታው ለዓለም የታወቀው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ በሚባል ጣሊያናዊ የካፑቺን ሚሲዮናዊ በኩል ነው። ጁስቶ በቤጌምድር ተቀምጦ ግእዝ እያጠና በፓሪስ ለነበረው ለአንትዋን ዳባዲ መጻሕፍት ይሰበስብ ነበር። በ1852 ይህን መጽሐፍ ማግኘቱን ጻፈለት፤ ቀጥሎም ቅጂውን ላከለት። ጁስቶ በ1856 ካርቱም ላይ ሞተ። ኤኖ ሊትማን የግእዙን ጽሑፍ ከላቲን ትርጉም ጋር በ1904 አሳተመ፤ ሊቃውንቱም ተደነቁ።

በ1920 ግን ታላቁ የኢትዮጵያ ጥናት ሊቅ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ መጽሐፉ የጁስቶ የራሱ ድርሰት ነው አለ። ተክለ ሃይማኖት የተባሉ ኢትዮጵያዊ ካቶሊክ ቄስ የሰጡትን ምስክርነት ጠቀሰ። የጁስቶ የዓለም ስም ያኮፖ፣ ማለትም ያዕቆብ፣ መሆኑም ከማስረጃዎቹ ጋር ተቆጠረ። በ1934 ኦይገን ሚትቮኽ ይህንኑ ወገን ደገፈ። በሌላ በኩል እንደ አለማየሁ ሞገስ ያሉ የግእዝ ሊቃውንት ቋንቋው ከአብነት ትምህርት ቤት የወጣ ሰው ቋንቋ ነው ብለው ተከራከሩ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን ያስተማሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ክላውድ ሰምነር ከ1974 እስከ 1982 ባሳተሟቸው አምስት ጥራዞች ውስጥ የሐተታውን ቅጂዎችና የጁስቶን ጽሑፎች መርምረው ደራሲው ኢትዮጵያዊ ነው አሉ። ነገሩ በዚህ አልተዘጋም። ፈረንሳያዊቷ የታሪክ ተመራማሪ አናይስ ዊዮን ከ2013 ጀምሮ ባወጣቻቸው ጽሑፎች የጁስቶን ደራሲነት እንደገና አቀረበች። ቀድሞ ይጠራጠሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ደግሞ በመጨረሻ ዘመናቸው የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ወደሚለው አዘነበሉ። አዲስ የእንግሊዝኛ ትርጉም በ2023 ሲታተምም ክርክሩ አብሮት ነበር።

እኔን የሚያሳስበኝ ይህን ክርክር እኛ የምንሰማበት መንገድ ነው። በየውይይቱ የሚሰሙት ድምፆች ሁለት ናቸው። አንደኛው «ኮንቲ ሮሲኒ በኤርትራ የጣሊያን ቅኝ አስተዳደር ሹም ነበር፤ ስለዚህ ኢትዮጵያዊ ያስባል ብሎ ሊቀበል አይችልም» ይላል። ሰውየው በቅኝ አስተዳደሩ ማገልገሉ እውነት ነው። ዳሩ ግን የተናጋሪው ማንነት የነገሩን ሐሰትነት አያረጋግጥም፤ ይህ የሎጂክ መምህራን በመጀመሪያው ሳምንት የሚያስጠነቅቁት ስሕተት ነው። ሁለተኛው ድምፅ «እንዲህ ያለ ሐሳብ በዚያ ዘመን ከኢትዮጵያ ሊወጣ አይችልም» ይላል። ይህ ደግሞ ሊረጋገጥ የሚገባውን ነገር አስቀድሞ እንደ ተረጋገጠ መያዝ ነው። የስም መመሳሰልም ቢሆን ያዕቆብን በሚያህል የተለመደ ስም ላይ ብቻውን ብዙ አያስኬድም። የአንድ ቄስ ምስክርነት ይመዘናል፤ የቋንቋው ለዛ ይመዘናል። የግእዙን ለዛ መመዘን ደግሞ ሥነ ውበትን ጭምር ይጠይቃል፤ በቅኔ ያልሠለጠነ ጆሮ የማይሰማው ነገር አለና።

በበኩሌ እስካሁን ካነበብሁት የኢትዮጵያዊው ወገን ክርክር ይበልጥ ያሳምነኛል፤ በተለይ የዜማና የቅኔ ቤቱ ሕይወት የተተረከበት መንገድ ከውጭ የታየ አይመስለኝም። ይሁንና ማመኔ እንዲሆን ከምመኘው ነገር ጋር ስለ ገጠመ ራሱን ምኞቴን አብሬ መጠርጠር አለብኝ። መጽሐፉ «የእኛ» እንዲሆን የምንሻ ሰዎች ከሌላው ይልቅ ጥብቅ ማስረጃ ከራሳችን መጠየቅ ይገባናል። ሐተታው ራሱ የሚያዝዘው ይህንኑ ነው፤ አባቶች ስላሉት ብቻ አትቀበል፤ መርምር ይላል።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳዝነው መጽሐፉን ሳያነቡ የሚኮሩበትና ሳያነቡ የሚጥሉት ሰዎች መብዛታቸው ነው። ሐተታው አጭር ነው፤ በሁለት ምሽት ያልቃል። በአማርኛም ይገኛል። አንባቢው መጽሐፉን ሲከፍት ልቡናን ዳኛ ስለማድረግ የተሰነዘረው ሐሳብ ትክክል መሆን አለመሆኑን ራሱ ይመርምር። ልቡና ሊሳሳት አይችልም? የእኔ ልቡናና የጎረቤቴ ልቡና ሲለያዩስ ማን ይፈርዳል? እነዚህ ጥያቄዎች ደራሲው የእንፍራዝ መምህርም ሆነ የኡርቢኖ መነኩሴ መልስ ይሻሉ።