ሌባ ሻይ የተኛበት ቤት

ሁለቱ የወንጀል ሕጎቻችን ሥራ ላይ የዋሉባቸው ቀኖች በአራት ቀን ልዩነት ይከታተላሉ። በ1949 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የጸናው ሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. በድል በዓል ዕለት ነው። እርሱን የሻረው የወንጀል ሕግ ደግሞ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ይሠራል። ቀኖቹ በደረሱ ቁጥር ስለ መጀመሪያው ሕግ አርቃቂ ስለ ስዊሳዊው ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን፣ ስለ ቅጣት ዓይነቶችና ስለ አንቀጾቹ ብዛት ይወራል። በሬው ስለተነዳበት፣ ጎጆው ስለተቃጠለበት፣ ልጁ ስለተገደለበት ሰው ግን እምብዛም አይነሳም። ጥፋተኛው ወህኒ ወረደ እንበል፤ የበሬውን ዋጋ የሚከፍለው ማነው?

የድሮው ሰው ከዚህ ጥያቄ ነበር የሚጀምረው። ወንጀልና ፍትሐ ብሔር የሚባል የተለየ በር አልነበረም። ተበዳዩ ራሱ ከሳሽ ሆኖ ዳኛ ፊት ይቆማል፤ «በልሃ ልበልሃ» እያለ ይሟገታል፤ ተከሳሹ እንዳያመልጥም ከከሳሹ ጋር በቁራኛ ይታሰራል። ተበዳይ ፍትሕ እስኪያገኝ ከበዳዩ ጋር በአንድ ሰንሰለት መሰንበቱ ዛሬ ለሚሰማው ግፍ ላይ ግፍ ይመስላል፤ ሆኖም ነገሩ የእርሱ እንደሆነ የሚጠራጠር አልነበረም። ነፍስ ግድያም ሲሆን በዳዩ ከተረታ በኋላ የሟች ዘመዶች ቃል ይጠበቃል። ደሙን በደም ይሻሉ ወይስ በሽማግሌ ተለምነው ካሳ ይቀበላሉ? ንጉሡ ራሱ «ማሩት፣ ገንዘቡን ውሰዱ» ብሎ ሊማልድ ይችል ነበር፤ ደመኞቹ እንቢ ካሉ ግን ፍርዱ ይፈጸማል።

በዳዩ ካልታወቀስ? አንደኛው መላ አውጫጭኝ ነው፤ አፈርሳታም ይባላል። የአገሩ ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ሌባው እስኪወጣ ወደ ቤቱ አይመለስም። ስም የሚያወጣው ሰው ማን እንደሆነ እንዳይታወቅ ነገሩ በ«ወፍ» በኩል ይሰማል። ወፏ ዝም ካለች የአገሩ ሰው በነፍስ ወከፍ አዋጥቶ የተሰረቀውን ይከፍላል። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በእንግሊዝኛ የጻፈውን ልብ ወለድ በዚሁ ሥርዓት ስም «አፈርሳታ» ብሎታል። የአፈርሳታ ነገር ብዙ የተባለለት ነውና እዚህ ላይ እንተወው።

ሁለተኛው መላ ሌባ ሻይ ነው፤ ክርክሩም ያለው እዚህ ነው።

አሠራሩን ብዙ ተጓዦች ጽፈውታል፤ ሽማግሌዎችም ሲያወሩት ኖረዋል። ንብረት የጠፋበት ሰው ሹሙ ዘንድ ያመለክታል። የሌባ ሻይ ባለሙያው ዕድሜው ከአሥራ ሁለት ያልዘለለ ልጅ ይዞ ይመጣል። ልጁ መድኃኒት ይጠጣል፤ ወገቡ ላይ ገመድ ይታሰራል፤ የገመዱን ጫፍ ባለሙያው ይይዛል። መድኃኒቱ ሲይዘው ልጁ ይነሳና እየተንገዳገደ፣ አንዳንዴም እየሮጠ መንደር ለመንደር ይዞራል። ሰዉ በሩን ዘግቶ ልቡ ይመታል። ልጁ በመጨረሻ ከአንድ ቤት ገብቶ ይወድቃል፤ አልጋው ላይ ይተኛል። የዚያ ቤት ባለቤት ሌባ ነው። ሌባ አይደለሁም ቢልም ዕዳው የእርሱ ነው፤ የጠፋውን ንብረት ዋጋ ይከፍላል።

ይህን ሥርዓት እንደ ድንቅ ነገር ለአውሮፓ ሰዎች ያቀረበው አልፍሬድ ኢልግ ነው፤ የምኒልክ አማካሪና መሐንዲስ የነበረው ስዊሳዊ። በ1871 ዓ.ም. ወደ ሸዋ መጥቶ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ቤተ መንግሥቱን በቅርብ ያየ ሰው ነውና ቃሉ ይከበራል። በኢልግ ስም ከሚነገሩት ታሪኮች አንዱ አዲስ አበባ ላይ ስለደረሰ የቤት ቃጠሎ ነው። ልጁ አረንጓዴ ዱቄት የተበጠበጠበት ወተት ጠጣ፤ ጥቁር ዱቄት የተቀላቀለበት ትንባሆም አጨሰ። ከዚያ ተነስቶ በሐረር መንገድ ለአሥራ ስድስት ሰዓት ያለማቋረጥ ሮጠ፤ የተከተሉት ሯጮች ሳይቀሩ ደከሙ። ሐረር አቅራቢያ ሲደርስ ከመንገዱ ወጥቶ እርሻ ላይ የነበረ ገበሬ ነካ። ገበሬውም አመነ ይባላል።

አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ማራቶኑን የጨረሰው በሁለት ሰዓት ከአሥራ አምስት ደቂቃ ነው። በዚያው ፍጥነት ለአሥራ ስድስት ሰዓት ያህል ቢሮጥ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ቢሸፍን ነው። ሐረር ከአዲስ አበባ በዛሬው መንገድ ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። መድኃኒት የጠጣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አበበን በዚህ መጠን ቀድሞታል ብሎ ማመን ይከብዳል። ኢልግ ዋሸ ለማለት አይደለም። የሰማውን ይሆናል የተናገረው፤ ወይም ታሪኩ ሲነገር ሲነገር አደገ።

ሁለተኛው ታሪክ የበለጠ ይጥማል። አጤ ምኒልክ ልጁን ለመፈተን የእቴጌን ጌጥ ራሳቸው ደበቁ። ሌባ ሻዩ ተጠርቶ በእቴጌ እልፍኝ ዞረ፣ ወደ ንጉሡ እልፍኝ ሄደ፣ ሌሎች ክፍሎችም ገባና በመጨረሻ ንጉሡ አልጋ ላይ ወድቆ ተኛ። ምኒልክ የአዲስ ነገር ወዳጅ እንደነበሩ ስለሚታወቅ ፈተናውን ማድረጋቸው አያስገርምም። ግን ቤተ መንግሥት ምስጢር የሚጠበቅበት ቦታ ሆኖ አያውቅም። የእቴጌ ሣጥን ሲከፈት ያየ አንድ ደንገጡር ወይም እልፍኝ አስከልካይ ብቻ ይበቃል። ገመዱን የያዘው ሰው ጆሮ አለው። እንደ ሥርዓቱ ከሆነ የጌጡን ዋጋ መክፈል የነበረባቸው የአልጋው ባለቤት ናቸው፤ ይህን ግን ተራኪዎቹ አላነሱትም።

በአንጻሩ ሌባ ሻይን እንደ መቅሰፍት የሚያስታውሱት ሰዎች የሚሉት ሌላ ነው። ባለሙያው ከመምጣቱ በፊት ወሬ ያጣራል፤ ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን ባለፈው ዓመት በሌብነት እንደታማ፣ ማን ከፋይ እንደሆነ ያውቃል። እጅ መንሻ የሰጠ ቤት ይታለፋል። በገመድ በሚጎተት ልጅና ገመድ በሚጎትት ልጅ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ከሩቅ ለሚያይ አይታወቅም። አጤ ፋሪስ የተባለውን አስካሪ ተክል የጠጣ ሰው አይቶ የሚያውቅ የልጁን ሩጫና መውደቅ ለማስረዳት መንፈስ አይፈልግም። ከኢልግ ድንቅ ይልቅ የእነዚህ ሰዎች ምሬት የነገሩን ጠባይ ይመስላል።

ታዲያ ይህን ያህል ጊዜ እንዴት ኖረ? ለተሰረቀው ሰው ስለሚጠቅም ይመስለኛል። ልጁ ያገኘው እውነተኛውን ሌባ ይሁን ጦሰኛ ጎረቤት፣ ከሳሹ ባዶ እጁን አይመለስም። አፈርሳታም እንደዚሁ ነው፤ ሌባው ባይወጣ አገር ይከፍላል። ንጹሕ ሰው ይከፍል እንደነበር ጥርጥር የለውም። ጉዳት የደረሰበት ሰው ግን አይረሳም ነበር።

በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመቅጫ ሕግ፣ ቀጥሎም የግራቨን ሕግ ነገሩን አዞሩት። ከሳሹ መንግሥት ሆነ፤ ጥፋት በማስረጃ ካልተረጋገጠ በቀር ማንም አይቀጣም። ሌላ ሰው ስላጠፋ ጎረቤት አይጠየቅም። ተበዳዩ ከቁራኛው ተፈትቶ የዐቃቤ ሕግ ምስክር ሆነ። ግራቨን ግን ፈጽሞ አልረሳውም። በ1949ኙ ሕግ አንቀጽ 100፣ ዛሬ ደግሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 101 መሠረት ተበዳዩ ወይም መብቱ የተላለፈለት ሰው የካሳ ጥያቄውን ከወንጀሉ ክስ ጋር አጣምሮ ማቅረብ ይችላል።

መንገዱን የሚያሳየው የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። አንቀጽ 154 ማመልከቻው ነገሩ መሰማት ሲጀምር ይቅረብ ይላል። አንቀጽ 155 በተራው የሚከለከልበትን ይዘረዝራል። ተከሳሹ በሌለበት የሚታይ ከሆነ፣ ወጣት ጥፋተኛ ከሆነ፣ ብዙ ምስክር የሚጠራ ከሆነ፣ ወይም ዳኛው የካሳው ነገር የወንጀሉን ክርክር ያጓትታል ብሎ ካመነ ጥያቄው አይታይም። የመጨረሻው ምክንያት ሰፊ ነው፤ መዝገብ የበዛበት ችሎት በእርሱ ለመጠቀም አይቸገርም። ተከሳሹ ነጻ ከወጣም ችሎቱ ስለ ካሳ አይወስንም፤ ተበዳዩ ወደ ፍትሐ ብሔር ችሎት ሄዶ ከሀ ይጀምራል። እዚያ ተከሳሹ በወንጀሉ ነጻ መባሉ ዳኛውን አያስረውም፤ ይህ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2149 የተጻፈ ነው።

ረትቶም ገንዘቡን ማግኘት ሌላ ነው። ጥፋተኛው ድሃ ከሆነ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 102 አንድ መላ ያሳያል። ፍርድ ቤቱ ከተከፈለው መቀጮ፣ ከተወረሰው ዕቃ ሽያጭ ወይም ከተያዘው ዋስትና ለተበዳዩ እንዲሰጥ ማዘዝ ይችላል። ቢያዝ ነው እንጂ ግዴታ አልተጣለበትም። ለኅሊና ጉዳት የሚሰጠውም ካሳ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2116 ጣሪያ ተበጅቶለታል፤ ከአንድ ሺህ ብር አይበልጥም። ሕጉ ሲወጣ ገንዘቡ ወፍራም ነበር። ልጁ የተገደለበት አባት ዛሬ ችሎት ፊት ቆሞ ለሐዘኑ ካሳ ቢጠይቅ የሚነበብለት ይኸው ቁጥር ነው።