ከጁፒተር የመጣው የራዲዮ ሞገድ፦ የአንድ ግኝት ታሪክ

በሳይንስ መማሪያ መጻሕፍት የግኝት ታሪክ ሲቀርብ፣ ሊቃውንቱ የሚፈልጉትን አስቀድመው ዐውቀው በቀና መንገድ የደረሱበት መስሎ ይታያል። ጁፒተር የራዲዮ ሞገድ አመንጪ መሆኑ የታወቀበት ሁኔታ ግን ከዚህ የተለየ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1955 መጀመሪያ በርናርድ በርክና ኬኔት ፍራንክሊን የተባሉ የካርኔጊ ተቋም ተመራማሪዎች፣ በአሜሪካ በሜሪላንድ ግዛት በተዘረጋ ሰፊ አንቴና በ22.2 ሜጋሄርዝ የሰማይን ሞገድ ይመዘግቡ ነበር። ዓላማቸው ክራብ ኔቡላ የተባለውን የፈነዳ ኮከብ ቅሪት ማጥናት ነበር እንጂ ስለ ፕላኔት አላሰቡም። በመመዝገቢያው ወረቀት ላይ አልፎ አልፎ የሚታየውን የተዘበራረቀ መስመር በአካባቢው የሚያልፍ የእርሻ ሠራተኛ መኪና የፈጠረው ሁከት ነው ብለው ገመቱ። ይሁን እንጂ የየሳምንቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ሲዘረጉ፣ ሁከቱ በየቀኑ አራት ደቂቃ ያህል እየቀደመ ከከዋክብት ጋር እኩል የሚመጣ ሆኖ ተገኘ። መኪና ደግሞ የከዋክብትን ሰዓት አይጠብቅም። አንድ ባልደረባቸው በቀልድ መልክ ጁፒተርን ቢጠቅስ፣ የፕላኔቶችን ሠንጠረዥ አገላብጠው ቦታው መግጠሙን አዩ፤ ምንጩም በከዋክብት መካከል ቀስ እያለ ከፕላኔቱ ጋር ይጓዝ ነበር።

ወሬው አውስትራሊያ ሲደርስ አሌክሳንደር ሼይን እ.ኤ.አ. በ1950 እና በ1951 በሲድኒ አቅራቢያ በ18.3 ሜጋሄርዝ የተሰበሰቡ መዝገቦችን እንደገና መረመሩ። የጁፒተር ሞገድ ለዓመታት እንደ ተራ ሁከት ተቆጥሮ በእጃቸው ኖሯል! ወረቀቶቹ ባለመጣላቸው ግን ሞገዱ የሚበረታው ከፕላኔቱ አንዱ ወገን ወደ መሬት ሲዞር መሆኑን ለማሳየት በቁ። በዚህም መንገድ የጁፒተር የመግነጢሳዊ መስክ ዙረት 9 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ከ29.7 ሰከንድ መሆኑ በኋላ ተለካ። እ.ኤ.አ. በ1964 ደግሞ ኪት ቢግ፣ አዮ የተባለችው የጁፒተር ጨረቃ የምትገኝበት ቦታ ሞገዱን እንደሚቆጣጠር ገለጡ።

ሞገዱን የሚያመነጩት በመግነጢሳዊ መስክ መስመሮች ዙሪያ እየተሽከረከሩ የሚጓዙ ኤሌክትሮኖች ናቸው። መስኩ በበረታ መጠን የሞገዱ ድግግሞሽ ስለሚጨምር፣ የጁፒተር ሞገድ 40 ሜጋሄርዝ ገደማ ላይ ማብቃቱ የመስኩን ጥንካሬ ይገልጣል። የሌሎቹ ግዙፍ ፕላኔቶች ሞገድ ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያለው በመሆኑ የመሬት አዮኖስፌር አያሳልፈውም፤ ስለዚህ የሳተርን እ.ኤ.አ. በ1980፣ የዩራነስ በ1986፣ የኔፕቲዩን በ1989 በቮየጀር መንኰራኵሮች ተሰማ።

ከቮየጀር ልኬት በመነሣት የሳተርን ዙረት 10 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ተብሎ በብዙ መጻሕፍት ሰፈረ። እ.ኤ.አ. በ2004 ሳተርን የደረሰችው ካሲኒ ግን ስድስት ደቂቃ ያህል የረዘመ ልክ አገኘች። ያን የሚያህል አካል በሩብ ምዕተ ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ሊዘገይ ስለማይችል፣ የሳተርን ሞገድ የፕላኔቱን ውስጣዊ ዙረት በትክክል የሚከተል አለመሆኑ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2019 በቀለበቶቹ ላይ ከሚታዩ ሞገዶች በተደረገ ስሌት የተገኘው 10 ሰዓት ከ33 ደቂቃ ከ38 ሰከንድ ነው።