ከአስከሬን ምርመራ እስከ ካንሰር ሕክምና፦ የፒቱታሪ ዕጢ ብግነት ታሪክ



የዛሬው ርእሳችን የሆነው በሽታ በመጀመሪያ የታወቀው በአስከሬን ምርመራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ጉዲ እና ፒንከርተን የተባሉ ሐኪሞች የአንዲት የ22 ዓመት እናትን ታሪክ አሳተሙ። ወጣቷ ከወለደች በኋላ ባሉት ወራት የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ብዙም ሳይቆይ ሕይወቷ አለፈ። ሲመረመር ከአንጎሏ ሥር ያለው ፒቱታሪ ዕጢ በነጭ የደም ሕዋሳት ተወርሮ ተገኘ። ፒቱታሪ ትእዛዝ ካልሰጠ አድሬናል ዕጢዎች ኮርቲሶል አያመነጩም፤ ያለ ኮርቲሶል ደግሞ ሰውነት የቀዶ ሕክምናን ጫና አይቋቋምም።

ከዚያ በኋላ ለአርባ ዓመታት ያህል በሽታው ብርቅ ሆኖ ቆየ፤ የሚታየውም በአብዛኛው በነፍሰ ጡሮችና በወላዶች ላይ ነበር። ይህን የለወጠው የካንሰር ሕክምና ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ጄምስ አሊሰንና ባልደረቦቹ ሲቲኤልኤ-4 የተባለው ፕሮቲን ሲታገድ የአይጦች መከላከያ ሕዋሳት ዕባጭን እንደሚያጠፉ አሳዩ። ፕሮቲኑ የመከላከያ ሕዋሳት ልጓም ነው፤ ልጓሙ ሲፈታ ግን ሕዋሳቱ ጤናማውንም አካል ሊያጠቁ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም መድኃኒቱን ከወሰዱ 14 የሜላኖማ ሕሙማን የ3ቱ ዕባጭ ቀነሰ፤ 6ቱ ግን ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት ደረሰባቸው፤ ከጉዳቶቹም አንዱ የፒቱታሪ ብግነት ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በወጣ ጥናት ከ163 ሕሙማን 8ቱ ላይ ታየ።

እ.ኤ.አ. በ2011 ኢፒሊሙማብ በአሜሪካ ሲፈቀድ፣ በአስከሬን የታወቀው በሽታ የዕለት ተዕለት የሐኪም ጉዳይ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2014 የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች የፒቱታሪ ሕዋሳት ራሳቸው ሲቲኤልኤ-4ን እንደሚሸከሙ አሳዩ፤ መድኃኒቱ ዕጢውን ለምን እንደሚያገኘው ከዚህ በከፊል ይገባናል።

አደጋው ግን በምልክቶቹ ላይ ነው። ራስ ምታትና ድካም በካንሰር ሕመምተኛ ዘንድ እንግዳ አይደሉም፤ ሐኪሙ በካንሰሩ አሳብቦ ሊያልፋቸው ይችላል። መፍትሔው ግን አሮጌና ርካሽ ነው፤ የኮርቲሶን ሥራ እ.ኤ.አ. በ1950 የኖቤል ሽልማት ያስገኘ ሲሆን፣ ሃይድሮኮርቲሶን ዛሬ የጎደለውን ሆርሞን ይተካል፤ ብዙ ጊዜም ለዕድሜ ልክ። ስለዚህ ይህ ታሪክ የሚያስተምረን አንድ ነገር ነው፤ አዲሱ መድኃኒት ከካንሰር ያተረፈውን ሰው፣ አሮጌውን እንክብል የሚያስታውስ ሐኪም በማጣት ልናጣው አይገባም።