ጥቁር ሸሚዝ በለንደን፦ በእንግሊዝ አገር የነበረው የፋሺስት እንቅስቃሴ

ጥቁር ሸሚዝ ለባሽ ሲባል ለኢትዮጵያ ሰው የሚታወሰው በጠላት ዘመን የገባው የሙሶሊኒ ጦር ነው። በዚያው ዘመን ግን ፓርላማና ነጻ ምርጫ ባለባት በእንግሊዝ፣ ያንኑ ቀለም የለበሱ እንግሊዛውያን በለንደን ጎዳናዎች ይሰለፉ ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በእንግሊዝ የመጀመሪያው የፋሺስት ቡድን የተቋቋመው በ1923 ነው፤ መሥራቿም ሮታ ሊንቶርን ኦርማን የተባለች ሴት ነበረች። ያ ቡድን ብዙም አልራቀ። ሥር የሰደደው የኦስዋልድ ሞስሊ እንቅስቃሴ ነው። ሞስሊ ከመሳፍንት ቤተሰብ የተወለደ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የተዋጋ፣ በ1918 ገና በ22 ዓመቱ ፓርላማ የገባ ሰው ነበር። መጀመሪያ ወግ አጥባቂ፣ በኋላም የሠራተኛው ፓርቲ አባል ሆነ፤ በ1929 ሚኒስትርነት ተሾመ። ሥራ አጥነትን ለመቀነስ ያቀረበው ዕቅድ ውድቅ ሲደረግበት በ1930 ሥልጣኑን ለቀቀ። የራሱን ፓርቲ አቋቁሞ በ1931 ቢወዳደር አንድም ወንበር አላገኘም። ከዚያ ሮም ሄዶ ሙሶሊኒን አየና በኦክቶበር 1932 የእንግሊዝ ፋሺስቶች ኅብረትን መሠረተ። በምርጫ ሲሸነፍ የምርጫውን ሥርዓት ራሱን ጠላው ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን የጣሰው ሕግ አልነበረም። ዴይሊ ሜይል የተባለው ትልቅ ጋዜጣ በጃንዋሪ 1934 ለጥቁር ሸሚዞቹ እልልታውን በአርዕስት አወጣ፤ በዚያ ዓመት የአባላቱ ቁጥር እስከ 50,000 ደርሷል ይባላል። በጁን ወር ግን በኦሊምፒያ አዳራሽ በተደረገው ትልቅ ስብሰባ፣ ሞስሊን በጩኸት የተቃወሙ ሰዎች በተጋባዥ እንግዶች ፊት ክፉኛ ተደበደቡ። የጋዜጣው ባለቤት ድጋፉን አነሣ፤ ጨዋ የሚባለውም ሰው ሸሸ።

ሞስሊ በስውር ከሙሶሊኒ ገንዘብ ይቀበል ነበር፤ እሱ ቢክድም በኋላ በሰነድ ተረጋግጧል። ሙሶሊኒ በ1935 ኢትዮጵያን ሲወር፣ ሞስሊ እንግሊዝ በጣሊያን ላይ ማዕቀብ እንዳትጥል፣ የራሷን ጉዳይ ብቻ እንድትመለከት እያለ ቀሰቀሰ።

ከዚያም ፊቱን ወደ አይሁዳውያን አዞረ። በምሥራቅ ለንደን ከሩሲያ ግዛት ከነበረው ፍጅትና ድህነት የሸሹ ብዙ አይሁዳውያን ቤተሰቦች ይኖሩ ነበር፤ አብዛኞቹ ልብስ ሰፊዎችና የቤት ዕቃ ሠሪዎች ነበሩ። ፋሺስቶቹ በየመንገዱ ማዕዘን ቆመው ሰደቧቸው፤ ሱቆቻቸውን አጠቁ። ለኦክቶበር 4 ቀን 1936 ደግሞ በሠፈራቸው መካከል ሰልፍ ጠሩ። ሰልፉ እንዲከለከል በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ፈርሞ ለመንግሥት አቤት አለ፤ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ግን እምቢ አሉ። የአይሁዳውያኑ የበላይ ምክር ቤት ሕዝቡ ከቤት እንዳይወጣ መከረ። ሕዝቡ ግን ወጣ።

ከ2,000 እስከ 3,000 የሚገመቱ ፋሺስቶችን ለማሳለፍ 6,000 ያህል ፖሊስ ተሰለፈ። ተቃዋሚዎቹ ከ100,000 እንደሚበልጡ ይነገራል። የአይሁድ ልብስ ሰፊና የአየርላንድ ተወላጅ የወደብ ሠራተኛ ጎን ለጎን ቆመ። አንድ የትራም ነጂ ትራሙን መንገድ ላይ አቁሞ ሄደ። በኬብል ስትሪት የጭነት መኪና ገልብጠው መንገዱን ዘጉ፤ ልጆች በፈረሰኛ ፖሊስ እግር ሥር ብይ በተኑ፤ ሴቶች ከመስኮት ያገኙትን ሁሉ ወረወሩ። በመጨረሻ የፖሊሱ አዛዥ ሰር ፊሊፕ ጌም ሞስሊን ተመለስ አሉት። በዚያ ቀን ከታሰሩት አብዛኞቹ ፋሺስቶቹ ሳይሆኑ ተቃዋሚዎቹ ነበሩ። ሞስሊ ከሁለት ቀን በኋላ በርሊን ውስጥ በጎብልስ ቤት ዳያና ሚትፎርድን አገባ፤ ሂትለር ከእንግዶቹ አንዱ ነበር።

ብዙ ጊዜ ታሪኩ እዚህ ላይ በድል እንዳለቀ ይነገራል። አላለቀም። በሳምንቱ ወጣቶች የአይሁዳውያንን ሱቅ መስታወት ሰባበሩ። በማርች 1937 በለንደን ምክር ቤት ምርጫ ፋሺስቶቹ በቤትናል ግሪን 23 በመቶ ድምፅ አገኙ፤ ወንበር ግን አላገኙም። ይበልጥ የጎዳቸው በ1937 መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ነው፤ የፖለቲካ መለዮ ልብስን ከለከለ፣ ፖሊስም ሰልፍ የማገድ ሥልጣን አገኘ። ያለ ሸሚዙ ብዙ ግርማ አልነበራቸውም።

በዚያው 1936፣ ከኬብል ስትሪት አራት ወር ቀድሞ፣ ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ በስደት እንግሊዝ ገብተው ነበር። ለምሥራቅ ለንደን ድሆች ሴቶች ብዙ የደከመችው ሲልቪያ ፓንክኸርስትም ለኢትዮጵያ የሚሟገት ሳምንታዊ ጋዜጣ ማሳተም የጀመረችው በዚያ ዓመት ነው። በ1960 አዲስ አበባ ሞታ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀብራለች።

የሞስሊ ድርጅት የታገደው ጦርነቱ ከመጣ በኋላ፣ በ1940 ነው። ሞስሊና ብዙ መቶ ተከታዮቹ ያለ ፍርድ ታሰሩ፤ እሱ በ1943 በሕመም ምክንያት ሲፈታ ብዙ ሰው ተቆጣ። ከጦርነቱ በኋላ እንደገና ሲሞክር፣ ከግንባር የተመለሱ አይሁዳውያን ወታደሮች በ1946 ቡድን አቋቁመው ስብሰባዎቹን በተኑበት። በ1959 ደግሞ ከካሪቢያን በመጡ ጥቁር ስደተኞች ላይ ቀስቅሶ ለፓርላማ ተወዳደረ፤ ተሸነፈ። በ1980 ፓሪስ አጠገብ ሞተ።

በኬብል ስትሪት ባለ አንድ ሕንፃ ግድግዳ ላይ የዚያን ቀን ግጭት የሚያሳይ ትልቅ ሥዕል አለ። ገና ሳያልቅ በ1982 ቀኝ አክራሪዎች ቀለም ደፍተው አበላሹት፤ ሠዓሊዎቹ ጠግነው በ1983 ጨረሱት።